የጾም ጊታር

«እንደገና!» አሉ ቲቸር አስማማው።

ጤናዬ ጣቶቿን ክሮቹ ላይ አስተካክላ መታች። ጊታሩ ጥዝዝ አለና ዝም አለ። ሦስቱ ክሮች ጭራሽ ትንፍሽ አላሉም። የሚኒ ሚዲያው ክፍል ጥግ ላይ ቴፑን የሚያስተካክለው መሳፍንት ሳቁን በእጁ አፈነ። ልትዘምር አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ ሂዊ ግን ጭራሽ አልሳቀችም።

«ጤንዬ፣ ምን ጉድ ነው? ችያለሁ አላልሽኝም?»

«ችያለሁ! ጣቶቼን አታዪም እንዴ?»

እውነቷን ነው። ጣቶቿ አንዱንም ቦታ አልሳቱም። ምን ዋጋ አለው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ የሚሊኒየሙ ዓመት ነበር፤ በደብረ ማርቆስ ያለ ሰው ሁሉ ለየት ያለ ነገር ካላደረግሁ የሚልበት። ቲቸር አስማማውም ለትምህርት ቤቱ የገና ዝግጅት ሁለት መዝሙሮች ደርሰው፣ ባሕር ዳር ያለ ወዳጃቸው በጊታር ተጫውቶላቸው በካሴት ቀድተው አመጡ። ጤናዬ አጎቷ ትቶት የሄደው ጊታር ቤታቸው እንዳለ ስትናገር ጊዜ ሥራው እሷ ላይ ወደቀ። መምህሩ የጣቶቹን አቀማመጥ ወረቀት ላይ ሳሉላት፤ እሷም ደስታዋን አልቻለችውም። ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ ስሟን እንኳ በትክክል የሚጠራት አልነበረም፤ አሁን ሰው ሁሉ ሊያያት ነው።

አባቷ መሪጌታ ይስማው ግን የሚቀመሱ አልነበሩም።

«በጾም እኔ ቤት የጊታር ድምፅ አይሰማም» አሉ።

«መዝሙር እኮ ነው፣ አባባ!»

«መዝሙርም ይሁን። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ዘፈን ነው መዝሙር በምን ይለያል? ተማሪዎቼስ ምን ይላሉ? ጾሙ ሲፈታ እንደ ልብሽ።»

ዝግጅቱ ደግሞ ጾሙ ሳይፈታ፣ ከገና በፊት ባለው ዓርብ ነው። በየቀኑ ጊታር ተሸክሞ በመንገድ መታየትም አባቷን የሚያስቆጣ ነው። ስለዚህ ጤናዬ አንድ ዘዴ ፈጠረች። በእረፍት ሰዓት ጆሮዋን ቴፑ ላይ ለጥፋ ትሰማለች። ቤት ስትገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ግራ እጇን ከክር ክር እያዘዋወረች፣ በቀኝ እጇ አየሩን ትመታለች። ክሮቹ ድንገት እንዳይጮኹባት ነካ ብቻ ታደርጋቸዋለች። ጾሙን ሙሉ እንዲህ ከረመች። ዛሬ፣ ሊቀርብ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጊታሩን በጋቢ ጠቅልላ ይዛ መጣች፤ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሰማ።

«አትጫኚውም እኮ» አሉ ቲቸር አስማማው ጎንበስ ብለው እያዩ። «ነካ ብቻ ያደረጉት ክር ይታፈናል እንጂ አይጮኽም። ቤት ስትለማመጂ አልሰማሽውም?»

ጤናዬ ክሮቹን ጫን አደረገች። ጠበቅ አድርጋ ስትጫን ደግሞ ጣቷ ያቃጥላታል፤ አንዱን ይዛ ወደ ሌላው እስክትሻገር ሂዊ ዘምራ ጥላት ትሄዳለች። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች፤ ጤናዬ ጊታሩን ወስዳ ግድግዳው ላይ ብትፈጠፍጠው ደስ ባላት።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች ሂዊ። «መሳፍንት፣ እስቲ ካሴቱን ክፈተው። ጤንዬ፣ አንቺ ዝም ብለሽ እንደ ቤትሽ አድርጊ።»

መሳፍንት ከፈተው። የጤናዬ ጣቶች ከካሴቱ ጋር እኩል ተነሱ፣ እኩል አረፉ፤ አንዲትም ቦታ አላዛነፉም። መሳፍንት አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እናቴ ትሙት፣ ማንም አይለየውም! ዘፋኞቹስ በቴሌቪዥን እንዲሁ አይደል የሚያደርጉት?»

ቲቸር አስማማው ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «እንግዲህ… ለዘንድሮ እንዲሁ ይለፍ» ብለው ወጡ።

ሂዊ አቀፈቻት። ጤናዬ ግን ጊታሩን መልሳ በጋቢው ጠቀለለችው። ያን ሁሉ ቀን የለፋችው ማስመሰል ለመቻል ነበር እንዴ?

ቤት ስትደርስ አባቷ ግቢው ውስጥ ለተማሪዎቻቸው ዜማ እያስቀጸሉ ነበር። አንዱ ተማሪ ድምፁን ዋጥ ሲያደርግ «ከፍ አድርገህ በለው!» አሉት። «ካላሰማኸኝ የቱ ጋ እንደሳትህ በምን አውቃለሁ?»

ጤናዬ ደሟ ፈላ። ተማሪዎቹ እስኪሄዱ ጠበቀችና ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ እነሱ ሲሳሳቱ ይሰማል። እኔስ?»

«ምን ሆንሽ?»

«ያጠናሁት ሁሉ ገደል ገባ! ድምፁን ሳልሰማ ነዋ ያጠናሁት። አሁን ካሴት ተከፍቶልኝ ላስመስል ነው። እርስዎ… እርስዎ ነዎት እንዲህ ያደረጉኝ!» ለቅሶዋ አመለጣት። እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም።

መሪጌታ አልተቆጡም። «ክፉ አስቤብሽ አይደለም» አሉ። «ግን ያልኩትን ለማንም ብዬ አላጥፍም፣ ልጄ። ጥቂት ቀን ነው የቀረው።»

«ከዚያ በኋላ ለማን ልጫወት?»

መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ።

ጤናዬ ክፍሏ ገባችና ጊታሩን አነሳች። አየሩን እየመታች ጀመረች፤ አሁን ግን ክሮቹን ተጫነቻቸው። ክሩ ቆዳዋ ላይ መስመር እስኪያወጣ፣ አቃጥሏት እጇን እስክታራግፍ ተጫነች። በማግሥቱም እንደዚያው። ይጩኽ አይጩኽ አታውቅም። የምታውቀው ጣቷ መቁሰሉን ብቻ ነው።

ዓርብ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ተማሪው መስኮት ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሏል። የጤናዬ ስም ሲጠራ ጭብጨባው ቀለጠ። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሂዊ ማይኩን ያዘች። መሳፍንት ከመጋረጃው ጥግ ጣቱን ቴፑ ላይ አድርጎ ምልክቷን ይጠብቃል። ራሷን ነቅነቅ ብታደርግለት በቃ፤ ያ ቆንጆ የባሕር ዳር ጊታር አዳራሹን ይሞላዋል።

ወደ መሳፍንት ዞረች።

«ንቀለው» አለችው በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ቴፑን።»

«አበድሽ እንዴ?» ሂዊ ማይኩን በእጇ ሸፈነች። «ጉድ ልትሠሪን ነው?»

«ስዘገይ ጠብቂኝ። ሌላ ምንም አልልሽም።»

ሂዊ ተናዳ አፈጠጠችባት። መሳፍንት አንዴ ወደ ቲቸር አስማማው፣ አንዴ ወደ ጤናዬ አየና ሽቦውን መዘዘው።

ጤናዬ የቆሰሉ ጣቶቿን ክሮቹ ላይ ተክላ መታች። ክሮቹ ጮኹ፤ አንዱ ግን ታነቀ። ከኋላ መቀመጫ አንዱ «ኧረ በገና አምላክ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጆሮዋ ድረስ ጋለባት። የታነቀው የትኛው እንደሆነ ግን ሰምታዋለች። ሳቁ እስኪያልፍ አልጠበቀችም። ቀለበት ጣቷን ትንሽ ገፋ፣ ጠበቅ አደረገችና ደግማ መታች።

ሂዊ ዞር ብላ አየቻትና መዝሙሩን ጀመረች።