የቅጹ ሁለተኛ ረድፍ

ብቻችሁን በምትኖሩበት ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ? እርግጠኛ ናችሁ?

እኔም ነበርኩ።

«ፈጠራ ነው» የምትሉ አስተያየታችሁን ለራሳችሁ ያዙት። ባለፈው ረቡዕ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት፣ ሶዶ፣ አባቴ ዱባለ ትቶልኝ በሄደው ቤት የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ።

ቀበሌው የነዋሪዎች ቅጽ በፒዲኤፍ ላከልኝ። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ፈርሜ ካልመለስኩ ቤቱ «ሰው የማይኖርበት» ተብሎ ይመዘገባል። ከአባቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሬ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው። ፋይሉን ሁልጊዜ ፒዲኤፍ በማነብበት፣ ኤቪንስ በሚባል ፕሮግራም ከፈትኩት...

ነጭ ገጽ።

በፋየርፎክስ ሞከርኩ። ስሜ መጣ፤ ባሮክ ዱባለ። ከሥሩ ግን «የነዋሪ ብዛት፦ 2» ይላል።

ደሜ ፈላ። ለቀበሌው ጸሐፊ ለጌታነህ ደወልኩ።

«አንድ ሰው መቁጠር ያቅታችኋል?»

«ወንድሜ፣ በዊንዶውስ ክፈተው።»

«የለኝም! ቅጽ ለመሙላት ዊንዶውስ ግዙ የሚል ሕግ አለ?»

«እሺ... አብሮህ ያለውን ሰውዬ አገናኘኝ። እሱ ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው።»

«የትኛውን ሰውዬ?»

«አሁን ‹አለሁ› ያለኝን።»

ስልኩ ተቋረጠ።

ቤቱ ጭር አለ። ፀሐይ ያጋለችው ቆርቆሮ እንኳ ድምፅ አላሰማም።

ሰው የአባቱን ቤት ለማዳን ፕሮግራም ያማርጣል? አማረጥኩ። ኦኩላር የሚባል ሌላ ማንበቢያ ጫንኩ። ቅጹ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ሁለተኛ ረድፍ።

ስም፦ ባዶ።

ዝምድና፦ አብሮ የሚኖር።

የገባበት ቀን፦ ጥቅምት 14።

ጥቅምት 14...

የአባቴ የለቅሶ ድንኳን የተነሣበት ቀን ነው። ለቀስተኛው ወደ ሁምቦ፣ ወደ ገሱባ ሲበተን፣ ባዶ ወንበሮች መካከል ቆሜ «አንድ ሰው እንኳ ቢቀርልኝ» ብዬ ነበር። በሹክሹክታ።

ማንም የሰማኝ አልመሰለኝም።

ልክ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መልእክት ገባ። «ቅጹ ደርሶናል። ሁለታችሁም ፈርማችኋል። ቤቱ በስማችሁ ጸንቷል።»

እኔ አልፈረምኩም። አልላክሁም።

ቀና አልኩ። ፊት ለፊቴ ያለው የአባቴ ወንበር ከጠረጴዛው ተስቦ ወጥቷል... መቀመጫው ላይ ያለው ትራስ ቀስ እያለ ወደ ታች እየጎደጎደ ነበር።

ጌታነህ፣ ይህን ቻናል እንደምታነብ አውቃለሁ። በውስጥ መስመር እንዳትጽፍልኝ። እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ መልስ፦

ስሙን ነግሮሃል?