የሃያ ነጥቡ ጥያቄ

«ሰርቃለች! ጥያቄው ገና ሳያልቅ መለሰች እኮ!»

የጥያቄና መልስ ውድድሩ አዳራሽ በጩኸት ተናወጠ። ከከተማው ዳር ከቱላ እየተመላለሰች የምትማረው ኢያኤል ማይኩን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የተጠየቀችው በዘመን መለወጫው በዓል በፍቼ ዋዜማ ቡርሳሜ የተባለው የእንሰት ምግብ የሚቀርብበት ትልቅ ዕቃ ምን እንደሚባል ነው። «ሻፌታ» አለች፣ በቃ። ችግሩ፣ ጥያቄው የወጣው ሃያ ነጥብ ከሚያሰጡት፣ «በጣም ከባድ» ከተባሉት ውስጥ ነው። ይባስ ብሎ ጥያቄ ካዘጋጁት አንዷ የልብ ጓደኛዋ ሳያት ናት።

ውድድሩን የሚዳኙት መምህር ፍቃዱ ወደ ሳያት ዞሩ። ለከተማው እንግዳ ናቸው፤ ሻፌታ የሚባል ነገር እሳቸውም ገና ዛሬ መስማታቸው ነው።

«ነግረሻታል?»

«ኧረ አልነገርኳትም፣ ቲቸር!»

«ታዲያ ይህን የመሰለ ከባድ ጥያቄ እንዴት እንዲህ ቶሎ መለሰችው?»

ሳያት ምክንያቱን አሳምራ ታውቃለች። ጥያቄ አዘጋጆቹ መምህራንን እየጠየቃችሁ ቀላሉንና ከባዱን ለዩ ተብለው ነበር። እሷና በክበቡ አብሯት ጥያቄ የሚያዘጋጀው ናሆም ግን ታከታቸው። ናሆም ጥያቄውን ስልኩ ላይ ይጽፋል፤ ኢንተርኔቱ ሚሊዮን ገጽ ካመጣ ቀላል፣ ጥቂት ካመጣ ከባድ ብለው ይመድባሉ። የፈረንሳይ ዋና ከተማ ሚሊዮን አመጣ። ሻፌታ ምንም አላመጣም ማለት ይቻላል። ቱላ ውስጥ ሕፃን የሚያውቀው ነገር፣ ስልኩ ስላላወቀው ብቻ ከባድ ተባለ።

ናሆም በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «እንዳትለፈልፊ! ሁለታችንም ከክበቡ እንባረራለን።»

«እሷስ?»

«አታካብጂ፣ ለከርሞ ታሸንፋለች።»

ሳያት የጥያቄ ወረቀቶቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ነጥቡ ተሰረዘ። አዲስ አበባ ለውድድር የሚሄዱት ተፎካካሪዎቿ እነምንያህል ሆኑ፤ ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው።

ሳያት ኢያኤልን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሰችባት።

«ኢያኤልዬ፣ ቆይ እስቲ…»

«ሻፌታውን በየዓመቱ የማጥበው እኔ ነኝ» አለች ኢያኤል፣ ፊቷን ሳታዞር። «አንቺም እኛ ቤት በልተሽበታል። እሱን መናገር ይህን ያህል ከበደሽ?»

በሩ ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ገብታ ሄደች።

ሳያት አቧራው እስኪረጋ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ የመምህራኑን ክፍል አንኳኳች። ናሆም ከኮሪደሩ ጫፍ «አብደሻል እንዴ?» አላት። ደግማ አንኳኳች።

«ውጤቱ እኮ ተፈርሟል» አሉ መምህር ፍቃዱ፣ ካቀረቀሩበት ቀና ሳይሉ።

«አውቃለሁ፣ ቲቸር። ቢሆንም ጥያቄዎቹን እንዴት እንደመደብን ይስሙኝ።»

ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።