ሠላሳ ጠርሙስ ያለ መክፈቻ

ሊባኒያ ያን ቅዳሜ ከእንቅልፏ ስትነሳም ደክሟት ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ሦስተኛ ሠርጓ ነው፤ የሰው ሠርግ እንጂ የራሷ አይደለም። ከሃያ ዓመቷ ጀምሮ በሕንድ፣ በጎዋ መንደሮች እየዞረች በየድግሱ ስታስተናግድ ኖራ አሁን ሃያ ዘጠኝ ሞልቷታል። ከአሥር ቀን በኋላ ደግሞ ዓረብ አገር፣ ሙስካት ሄዳ አንዲት አሮጊት ለሁለት ዓመት ልታስታምም ውል ፈርማለች። ስለዚያ አገር ስታስብ ደስ የሚላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚያ ሙሽራ አታይም።

የዕለቱ ሠርግ ዲቫር ደሴት ላይ ነው። ዕቃውን በጀልባ አሻግረው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ግቢ ጠረጴዛ ስታለብስ፣ ድግሱን የያዘው አጎት ቴዎቶኒዮ አንድ ሰው አስከትሎ መጣ።

«ሊባኒያ፣ የመጠጡ አስተናጋጅ ታሞብኛል። ምትኩ ይሄ ነው። ኬሩቢኖ ይባላል፤ መርከብ ላይ ሠርቷል።»

ስሙን መንገር አያስፈልግም ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ከዚህ ሰው ጋር አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ተላቅሰው ተለያይተዋል። «ቤት የምሠራበትን ይዤ እመጣለሁ» ብሏት ነበር። ሁለት ዓመት በየሳምንቱ ደወለ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። አግብቷል ብላ ደመደመች፤ ስሙንም ዳግም አላነሳችም።

«ደህና ነዎት?» አለችው።

ኬሩቢኖ እንደ ተመታ ሰው ዓይኑን ሰበረ። «ደህና ነኝ» አለ።

ችግሩ የታወቀው ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ሊወጡ ግማሽ ሰዓት ሲቀር ነው። ለሙሽሮቹ ጤና ለሚነሳው ጽዋ የመጣው ወይን ሠላሳ ጠርሙስ፣ ሁሉም በቡሽ የተደፈነ፤ መክፈቻው ግን ትናንት ሌላ ሠርግ ላይ ቀርቷል። በጀልባ ተሻግሮ ለመመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጎረቤት ተጠየቀ። የመንደሩ ሰው የሚጠጣው ከካሹ ፍሬ የሚያወጣውን አረቄ ነው፤ የቡሽ መክፈቻ ያለው ቤት ጠፋ።

«ጽዋ ሳይነሳ ከቀረ የሙሽራዋ አባት በቁሜ ነው የሚቀብረኝ» አለ አጎት ቴዎቶኒዮ፣ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ።

ኬሩቢኖ መድረኩን ወደሚሠሩት አናጢዎች ሄደ። ሲመለስ ካቻቢቴ፣ ምስማር መንቀያ ያለው መዶሻና ሦስት ረጃጅም የእንጨት ማያያዣ ብሎን ይዟል። አንዱን ብሎን ቡሹ ላይ ተክሎ ሊያጠብቅ ሲል ጠርሙሱ ከቀኝ እጁ ሾለከ። ሊባኒያ ያኔ አየችው። አውራ ጣቱና ሁለቱ ጣቶቹ አይታጠፉም።

«እጅዎ ምን ሆኖ ነው?»

«እስከ መጨረሻው አንቱ ልትይኝ ነው?»

ጠርሙሱን ከመሬት አነሳችው። «እጅህ ምን ሆኖ ነው?»

«የመርከቡ ማቀዝቀዣ ክፍል በር ነው። ማዕበል ነበር። እባክሽ ያዢልኝ።»

ሣጥን ላይ ተቀምጣ ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልላ በጉልበቶቿ መሃል አጠበቀችው። እሱ በግራ እጁ ብሎኑን አጠበቀና በመዶሻው መንቀያ ያዘው። እሷ ወደ ታች፣ እሱ ወደ ላይ። ቡሹ ቀስ ብሎ ወጣ።

«መቼ ነው?» አለች ሁለተኛውን እያነሳች።

«ሁለት ዓመት አለፈው። ከዚያ አባረሩኝ።»

«ከዚያ ወዲህ የት ነበርክ?»

«ካናኮና። እህቴ ቤት።»

ሊባኒያ እጇ ቆመ። ካናኮና በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ነው።

«እኔ አንዴ ሞቷል ስል፣ አንዴ አግብቷል ስል፣ አንተ እዚህ እህትህ ቤት ሩዝ ትበላለህ?»

«ቤት የምሠራበትን ይዤ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። በዚህ እጅ ምን ይዤ ልምጣ?»

«ቤት ጠየቅኩህ?»

ኬሩቢኖ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ።

«ጠየቅኩህ ወይ ነው ያልኩት።»

«አልጠየቅሽኝም።»

ሰባተኛው ቡሽ መሃሉ ላይ ተሰበረ። ሊባኒያ በንዴት የጭልፋውን እጀታ ከታ ወደ ውስጥ ገፋችው። ወይኑ ተፈናጥሮ ነጭ ሸሚዟንና የእሱን ፊት አለበሰው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። አሁን ለሳቅም አቅም አልነበራትም። በሽርጧ ጫፍ ቅንድቡን ጠረገችለት። ወይኑ ተጠርጎ ካለቀም በኋላ እጇ ትንሽ እዚያው ቆየ።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል አሥራ ሁለት ጠርሙስ ተከፍቶ ነበር፤ ለጽዋው በቃ። የቀሩትን አሥራ ስምንቱን ሰዉ ሲጨፍር ከፈቷቸው፣ እሷ ወደ ታች፣ እሱ ወደ ላይ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በባዶ ሣጥኖች ላይ ተቀምጠው በጀልባው ተሻገሩ። ስለ ሙስካት ነገረችው።

«አትሂጂ ለማለት መብት የለኝም» አለ።

«የለህም።»

«ቢሆንም አትሂጂ።»

ፊቷን ወደ ውኃው መለሰች። «ቃሌን ሰጥቻለሁ። የእናቴንም መድኃኒት የምገዛበት ያስፈልገኛል። እሄዳለሁ። እኔ አራት ዓመት ጠብቄሃለሁ፤ ሁለቱን ሳልፈልግ። አንተም ከቻልክ ሁለት ዓመት ጠብቅ። ከደከመህ ደውለህ ደከመኝ በለኝ። ዝም ብቻ እንዳትለኝ።»

ሄደች። እሱ በየእሑዱ ከካናኮና እየመጣ እናቷን ይጠይቅ ጀመር። እናትየው መጀመሪያ በረንዳ ላይ አስቀምጠው፣ ውኃ ብቻ ሰጥተው ይሸኙት ነበር። በአራተኛው ወር የዓሣ ወጥ አቀረቡለት። በስድስተኛው ጣሪያው ያፈሳል ብለው አሳዩት፤ በግራ እጁ ጠገነው።

በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ አንድ ቀን ደወለ። «ሊባኒያ፣ ዛሬስ ደክሞኛል» አለ።

አሮጊቷ እንዳይሰሙ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። «እኔንም» አለችው። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ሁለቱም ዝም ብለው ቆዩ። እንዲህ ያለው ዝምታ አያስፈራም ነበር።

በተመለሰች ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቃት። አውቶቡስ ውስጥ ብዙ ልትነግረው አስባ ነበር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አውቶቡሱ መንደሯ ደረሰ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ኬሩቢኖ አልመለሰም። አውቶቡሱ ሄደ።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ነቃች። «የት ነን?»

«አልፈነዋል።»

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«ደክሞሽ ነበራ።»

ሻንጣውን ለሁለት ይዘው በሩዝ ማሳው መሃል ወደ ኋላ መጓዝ ጀመሩ። እሱ ሠርጋቸው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ይሁን አለ። እሷም ይሁን አለች።

«ግን መጀመሪያ አንድ ሳምንት ልተኛ።»

«ሁለት ሳምንት ተኚ» አላት።