ውኃ ልኩን የሳተ ቤት

«በዚህ በር እኔ ሳላይ እንሽላሊት አታልፍም» አለች ትዋይላ ደረቷን ነፍታ። የምትነግራት መርማሪዋን ኦፊሊያ ካንቱን ነው። ከጀርባቸው፣ ሎኒ ታኬት በገዛ ተጎታች ቤቱ ወለል ላይ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተዘርሯል።

ትዋይላና አያቷ ቨርን የሚኖሩት እዚያው አጠገብ፣ በራሳቸው ተጎታች ቤት ነው። ወደ ነዳጅ ጉድጓዶቹ የሚያስገባውን የከብት እርባታ በር ይጠብቃሉ፤ ሌሊት እሱ፣ ቀን እሷ እያገዘችው። በዚያ በቴክሳስ አገር በሩን ያጣ ጠባቂ ቤቱን የሚያቆምበት መሬትም ያጣል።

ሎኒ የሰሜኑ በር ጠባቂ ነበር። ትናንት ጠዋት ቤቱ እየተጎተተ ሲመጣ፣ አለቃቸው ፕሩት ቨርንን በእሱ ሊተካው ነው ተባለ። ቨርን ደግሞ ከድሮም ይህን በር ለሎኒ ከምለቅ ሞቴን እመርጣለሁ ማለቱን ያልሰማ አልነበረም። ዛሬ ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው። ለፕሩት ይህ በቂ ነበር፤ ሳይመሽ ቤታችሁን ጎትታችሁ ውጡልኝ አለ።

ትዋይላ ሄዳ የቤታቸው መጎተቻ ብረት ላይ እግሯን አነባብራ ተቀመጠች።

«ተነሺ» አላት ፕሩት።

«ከነእኔ ይጎትቱታ፣ ሚስተር ፕሩት።»

ካንቱ አልገላገለችም። ወሬ የማታበዛ፣ ደቃቃ ሴት ናት። ሁሉንም በየተራ ጠየቀች። ቨርን ትናንት ከሰዓት የሎኒን በር አንኳኩቶ የመለሰለት እንዳልነበረ፣ ዛሬ ደግሞ ሊታረቀው ታኮ የሚባል ሥጋ የተጠቀለለበት ቂጣ ይዞለት ሲሄድ ሬሳውን እንዳገኘ ተናገረ። የመጠጥ ውኃ የሚያመላልሰው ሹፌር ክሩዝ ሎኒን ጨርሶ አላየውም። ያየው ፕሩት ነው።

«ትናንት እኩለ ቀን ላይ ደጁ ቆሜ አውርቼዋለሁ» አለ። «በራሱ ኩባያ ቡና ቀዳልኝ። ቨርን ይዝትብኛል ሲለኝ ነበር፤ ምነው በሰማሁት።»

ትዋይላ ደግሞ የሎኒን ቤት በእጇ እየመራች ወደ ኋላ አስገብታ ያስቆመችው እሷ መሆኗን በኩራት ተረከች። ቤቱን የሚጎትተው ሰውዬ ኮፍያውን ደፍቶ፣ አፉን ለአቧራው በመሀረብ ሸፍኖ ነበር። ፊቱን ማየት የእሷ ሥራ አይደለም፤ የሚያስገባ ሰው የሚያየው ጎማ ነው። «ና፣ ና፣ ግራ፣ በቃ» አለችው፤ እጁን አውጥቶ አመሰገናት። ወዲያው መኪኖች ስለተሰለፉ ወደ በሯ ሮጠች።

ካንቱ ልጅቷን ደፍ ላይ አቁማ ገባች። በሁለቱም ግድግዳ ያሉት መደርደሪያዎች መዝጊያቸው ተበርግዶ፣ ሳህንና ኩባያ ሁሉ ተሰባብሯል። ቤቱ ሲቆም ክፍሉን ለማስፋት ወደ ውጭ የሚገፋው ግድግዳ ተሰብስቦ ወንበሩን ጨፍልቆታል። ከወለሉ አንድ ብርቱካን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ብርቱካኑ ተንከባልሎ ወደቀ።

«ሎኒ እንዲህ አድርጎ አያቆምም» አለች ትዋይላ። «ውኃ ልክ ሳያስቀምጥ እራት አይበላም ነበር። ቤቱ ካዘነበለ በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ አልሠራም ይላል።»

ካንቱ ፍሪጁን ከፈተች። ወተቱ ተበላሽቷል። ሰዎቹን ሁሉ ደጁ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሁላችሁም ጠብ ነው ያያችሁት» አለች። «ሰው ሲጣላ ግን የሁለት ግድግዳ መደርደሪያ አንድ በአንድ አይበረግድም። ይህን የሚያደርግ ኮረኮንች መንገድ ነው። ዕድሜውን በተጎታች ቤት የፈጀ ሰው ሳህኑን ሳያስር መንገድ አይወጣም፤ ግድግዳውንም ወንበሩ ላይ አይሰበስብም። ቤቱን የጎተተው ሎኒ አይደለም። ከቆመም ወዲህ ውኃ ልኩን አላስተካከለም፣ ስባሪውንም አላነሳም። ሎኒ ውስጥ ነበር፤ ሞቶ።»

ትዋይላ እጆቿን አየቻቸው። «ና፣ ና» ያሉት እነዚሁ እጆች ናቸው። ቀስ ብላ ኪሷ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ታዲያ ሚስተር ፕሩት፣ የሞተ ሰው እንዴት አድርጎ ቡና ቀዳልዎት?» አለች ካንቱ።

ፕሩት ሳቀ። መኪናው ትናንት እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሰሜን በር ቆማ እንደነበረች፣ ያየ ሁሉ እንደሚመሰክርለት ተናገረ።

«መኪናዋማ ቆማለች። የመጡት ቤቱን በጎተተው በሎኒ መኪና ነው።» ካንቱ ወደ ክሩዝ ዞረች። «ትናንት ከዚህ ስትወጣ ብቻህን ነበርክ?»

ክሩዝ ኮፍያውን አወለቀ። «ሰሜን በር አድርሰኝ አለኝ። አለቃ ነው፤ ምን ብዬ ልጠይቀው?»

ሁሉም ትዋይላን አዩ። የክሩዝን መኪና ውስጡን አትፈትሽም፤ ሁልጊዜ ታኮ በመስኮት ሲያቀብላት ዓይኗ ከታኮው አይነሳም።

የቀረው እውነት ተከትሎ ወጣ። ፕሩት በሰሜኑ በር የነዳጅ ኩባንያውን ቧንቧ እያወጣ ይሸጥ ነበር፤ ሎኒ አጋልጥሃለሁ ሲለው እዚያው መታው። ማንም ስለ ሰሜን በር እንዳይጠይቅ ሬሳውን ከነቤቱ፣ ጠበኛው ቨርን ወዳለበት በር አመጣው። ፕሩት መጀመሪያ ካደ፤ ክሩዝን ቀና ብሎ ሲያየው ግን አንገቱን ደፋ።

የፖሊስ መኪና ይዞት ሊወጣ ሲል ትዋይላ ሮጣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት። ተመልሳ መጎተቻው ብረት ላይ ተቆናጠጠች። ወኔዋ ተመልሷል።

«እንግዲህ ማንም ይምጣ፣ አባባ! ይህን በር ከእኛ የሚነጥቅ ገና አልተወለደም።»

ቨርን ወደ መንገዱ አሻግሮ አየ።

«መጀመሪያ ሄደሽ ዝጊው» አላት። «የባለ እርባታው ላሞች አስፋልት ላይ ወጥተዋል።»