እጅ የሚያረክስ ጥቅልል

ጸሐፊው ነሑንያ ከድንጋይ ገንዳው ሥር ወድቆ ተገኘ፤ ራሱ ተፈንክቶ፣ ደሙ ረግቶ። ከሚሰባበር አሮጌ ብራና ለቅሞ የገለበጠው «የባልቴቲቱ ጥቅልል» ግን በጨርቁ ተጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

«ሌባ እንዲህ አያስቀምጥም» አለ ታብዮሚ። የሎድ ከተማ ሽማግሌዎች ነገር ሲጠፋባቸው የሚጠሩት ሰው ነው፤ ሲገኝላቸው ይረሱታል።

«ሽማግሌዎቹ ገዳዩ ሳይታወቅ በጥቅልሉ ላይ ድምፅ አንሰጥም ብለዋል» አለች የሟች ሚስት ይልታ። «ቅዱስ ነው ካልተባለ ደግሞ ማንም አይገለብጠውም። ያለው ይኸው አንዱ ነው፤ የአይጥ ሲሳይ ይሆናል። ባሌን ሁለቴ አታስቀብረኝ፣ ልጄ።»

«አገኘዋለሁ፣ እትዬ።»

በሎድ ጥቅልል ቅዱስ መሆኑ የሚታወቀው እጅ በማርከሱ ነው። የነካው ካህን እጁን ሳይታጠብ የክህነት ድርሻውን ዳቦ ከያዘ፣ ዳቦው ረክሷልና እሳት ውስጥ ጥሎ ማቃጠል አለበት። ሽማግሌዎቹም ዓመት ሙሉ «ያረክሳል»፣ «አያረክስም» ሲባባሉ ከርመዋል።

አምርረው የሚቃወሙት ሁለት ካህናት ነበሩ። ታብዮሚ ጥቅልሉን በብብቱ ሸጉጦ ከሂልፋይ ጀመረ። ሂልፋይ ታጥቦ ለምግብ ተቀምጧል።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ፣ አባ ሂልፋይ?»

«ከሚስቴ ጋር ስጨቃጨቅ። ጎረቤቱ ሁሉ ምስክሬ ነው።» ጥቅልሉን ነጥቆ ገለጠው። «የአሮጊት ለቅሶ! እግዜርን ስትጠይቅ ኖራ መልስ ሳታገኝ ትሞታለች። ይኼ ቅዱስ ከሆነ የኔዋም ነቢይት ናት!» በዚያው እጁ ከድርሻ ዳቦው ገምጦ አላመጠ።

ሁለተኛው ዚምራ፣ የሟቹ ወንድም ነው። «ከቤት አልወጣሁም» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሣ። አመዱ ውስጥ የከሰለ ዳቦ ይታያል።

«አረረብዎት፣ አባ ዚምራ?»

«ስጋግር ረሳሁት።»

ለዚያውም በረሃብ ዓመት። ታብዮሚ በእንጨት ገለበጠው፤ ጎኑ ተቆርሷል። ዚምራ እጁን ታጥቦ ከሌላ ዳቦ ቆረሰ። «ብላ» አላለውም፤ የካህን ነውና።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሸንጎው ተሰበሰቡ።

«እየተጋገረ ያለ ዳቦ አይቆረስም» አለ ታብዮሚ። «አባ ዚምራ ቆርሰው ሲያበቁ ነው ያቃጠሉት። እጃቸው ረክሶ ነበር።»

«ሬሳ ነክቶ ይሆናላ!» አለ ሂልፋይ።

«ሬሳ የነካ ካህን ሰባት ቀን ይጠብቃል። እሳቸው ግን ዛሬ ታጥበው ሲበሉ ዐይቻለሁ። በመታጠብ የሚለቀው የቅዱስ ጥቅልል ነው። ሌሎቹ ቅዱሳን ጥቅልሎች ያሉበት የምኩራቡ ሣጥን ደግሞ ተቆልፎ ነው ያደረው፤ ውጭ የነበረው የነሑንያ ብቻ ነው። እርስዎ፣ አባ ሂልፋይ፣ ነክተው በሉ፤ አያምኑበትማ። እሳቸው ነክተው አቃጠሉ።»

ዚምራ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ላቃጥለው ነበር የሄድኩት። መቅደሱ ከነደደ ወዲህ ሕዝቡ መልስ የሌለው ጥያቄ አይችልም ብዬ። ስንናጠቅ ወንድሜ ወድቆ ራሱን ገንዳው መታው። ጥቅልሉን ሳነሣው አንድ መሥመር አነበብኩ… ጠቅልዬ አስቀምጬው ሸሸሁ። ስወጣ ወንድሜ ይተነፍስ ነበር። ቤቴ ዳቦ ስቆርስ እጄን አየሁት። ከእኔ ቀድሞ እጄ ዐወቀ።» ቀና አለ። «ዛሬ ‹ያረክሳል› ልል ነበር።»

«ገዳይ ድምፅ የለውም» አለ የሸንጎው አለቃ። «ሁለት ምስክር ስለሌለ ደግሞ ልንቀጣው አንችልም።»

ድምፁ ተቆጠረ። እኩል ለእኩል ሆነ። አንድ ድምፅ ያልበለጠለት ጥቅልል ከቅዱሳኑ መካከል አይገባም።

ታብዮሚ ጥቅልሉን ለይልታ አቀበላት።

«አገኘሁት፣ እትዬ» አለ።

«አገኘኸው።»

በሩ አጠገብ ካለው የውኃ ማድጋ ስትደርስ ቆመች። ጥቅልሉን በብብቷ እንደያዘች፣ ቀስ ብላ እጇን ታጠበች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።