ያልተንቀጠቀጠው ጽሑፍ

«የእኔ ‹ለ› እግሯን አትከፍትም» አሉ መምህር አያሌው። «እንደ ወታደር ገጥማ ነው የምትቆም። ድገሚው።»

የልጅ ልጃቸው መክሊት ደገመችው። ቡሄ ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ጠረጴዛው ላይ አርባ አንድ የአዲስ ዓመት ካርዶች በላስቲክ ታስረው ይጠብቃሉ። ሁሉም ካርዶች ላይ ያቺው አደይ አበባ የታቀፈች ልጅ ትስቃለች። አምናም እሷው ነበረች። አያትየው ካርድ ከማስነካታቸው በፊት ሁልጊዜ አንድ ገጽ በልምምድ ያሟሙቋታል።

መምህር አያሌው ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምረዋል። ሒሳብም ሳይንስም ነበር፤ ደብረ ታቦር ከተማ የምታስታውሳቸው ግን በእጅ ጽሑፍ ነው። ፊደሉን ያጣመመ ተማሪ ሲያዩ «አሞሃል እንዴ?» ይሉት ነበር። ቀልዳቸው አልነበረም። የጤነኛ ሰው ፊደል ቀጥ ይላል ብለው ያምናሉ፤ ልጆቻቸውን አስናቀንና አሰለፈችንም በዚሁ እምነት አሳድገዋቸዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን የገዛ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻይ በግማሽ ብርጭቆ ይቀዳላቸው ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እጃቸውን ጋቢ ሥር ይሸሽጉታል። አንድ ቀን ጡረታ ሊቀበሉ ሄደው ፊርማቸው ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ሲል፣ የድሮ ተማሪያቸው የሆነው ከፋይ አቀርቅሮ የማኅተሙን ቀለም ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው። አሻራ። ያን ቀን ቤት ገብተው አውራ ጣታቸውን በኦሞ ሲፈትጉ ቆዩና «መክሊት፣ እስኪርቢቶሽን ይዘሽ ነይ» አሉ።

በሦስት ወር ውስጥ ጽሑፏ ቁጭ የእሳቸውን ሆነ።

«ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ» ብለዋት ነበር። እናቷ አሰለፈች መክሊት አያቷን በካርድ እንደምታግዝ ታውቃለች። በማን የእጅ ጽሑፍ እንደምትጽፍ ግን ጠይቃ አታውቅም። ባሏ ከሞተ ወዲህ አባቷንም ልጇንም የያዘች፣ ቀን መዝገብ ቤት፣ ማታ ቤት የምትሠራ ሴት ናት፤ ካርድ አገላብጣ የምታይበት ጊዜ የላትም።

እሑድ አጎቷ አስናቀ ከአዲስ አበባ ወደ ሰፈራቸው ባለሱቅ ወደ ጌጡ ሱቅ ደወለ። ስልክ ያለው እዚያ ነው። መክሊት ከእናቷ ጎን ቆማለች፤ የአስናቀ ድምፅ ከእጀታው አልፎ ሱቁን ሁሉ ይሞላል።

«ሐኪሙ ወረቀት ጽፏል አስናቀ» አለች እናቷ። «አዲስ አበባ የነርቭ ሐኪም ይያቸው፣ የሚያስታግሥ መድኃኒት አለ ብሏል። እኔ ከሥራ ፈቃድ አልተሰጠኝም። መጥተህ ውሰዳቸው።»

«አሰለፍ፣ ሐኪም እኮ ሁሉንም ሰው አዲስ አበባ ሂድ ነው የሚል። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማምን።»

«ምን አየህ? ከመጣህ ሦስት ዓመትህ!»

«ካርዱን ነዋ! የፋሲካው ካርድ ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ነው። ያየው ሁሉ ‹የታተመ ነው?› እያለ ይጠይቀኛል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንዲህ አድርጎ ይጽፋል? አባባ ራሳቸው ምን እያሉ ነበር ያሳደጉን?»

«የጡረታ ፊርማ እንኳ በአሻራ ነው እኮ የሚፈርሙት!»

«አሰለፍ» አለ አስናቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ዝቅ ሲያደርገው ይበልጥ ይሰማል። «እሳቸውን መጦር ሰልችቶሽ ከሆነ ሰልችቶኛል በይ። ሽማግሌን በሽተኛ ነው እያሉ ማስወራት ግን ነውር ነው።»

እናቷ ስልኩን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ጌጡ ምንም ያልቆሸሸ ሚዛኑን ይወለውላል።

መንገድ ላይ ዣንጥላ ዘርግተው ሄዱ። ከዚያ እናቷ ቆመች።

«ካርዱን በራስሽ እጅ አይደለም እንዴ የምትጽፊው?»

«በራሴ ነው» አለች መክሊት።

«ታዲያ ይህ ልጅ ዓይኔ እያየ ይዋሻል ማለት ነው። እንዳይመጣ።» አሰለፈች ዣንጥላውን ወደ ልጇ አዘነበለች፤ የራሷ ትከሻ ይረጥባል። «ወንድሜ! አይ ወንድሜ።»

መክሊት ጭቃውን እያየች ተራመደች። እናቷ አጎቷን ውሸታም ትለዋለች፣ አጎቷ እናቷን ውሸታም ይላታል። ከሁለቱ የዋሸ የለም።

በማግስቱ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛ ለጓደኛዋ ለትዕግሥት ነገረቻት። ትዕግሥት ምስጢሩን የምታውቅ ብቸኛ ሰው ናት፤ ስምም አውጥታላታለች።

«አይ ፎርጅዷ! በቃ ዘንድሮ በራስሽ እጅ ጻፊና ላኪዋ። ምን ታካብጃለሽ?»

«አባባ ያያሉ።»

«ይዩዋ!»

«አታውቂያቸውም።»

«እና ሼባው እንዳይከፋው ብለሽ እናትሽን ውሸታም ታስብያታለሽ?»

«ሼባ አትበያቸው» አለች መክሊት። ተራዋ ደረሰና ጤፏን አስፈጨች።

ከሰዓት በኋላ አያቷ የስም ዝርዝሩን አስወጡ። ደብተሩ ላይ ከሞቱት ስም አጠገብ ትንሽ መስቀል አለ። ዘንድሮ ሁለት መስቀል ተጨምሯል።

«ከበኩሬ እንጀምር» አሉ። «ጻፊ። ለውድ ልጄ ለአስናቀ አያሌው። እንኳን ከዘመነ ሉቃስ ወደ ዘመነ ዮሐንስ በሰላም አሸጋገረህ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።»

መክሊት እስኪርቢቶውን አላነሳችም። «አባባ፣ ጋሼ አስናቀ እሑድ ደውሎ ነበር። የፋሲካውን ካርድ ያየ ሁሉ ‹የታተመ ነው?› ይለኛል አለ።»

የሽማግሌው ፊት በራ። «የታተመ አሉ?»

«አዎ።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። ጋቢው ሥር ያለው እጃቸው እንኳ ለአፍታ ጸጥ ያለ መሰላት።

«ስለዚህ ደህና ናቸው አለ» ብላ ቀጠለች። «ሐኪም ቤት አያስፈልጋቸውም አለ። እማዬን ‹መጦር ሰልችቶሽ ነው› አላት። ሰው ፊት።»

መምህር አያሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ልጅ ነው። ይበርድለታል።»

አስናቀ አርባ አምስት ዓመቱ ነው።

«‹እጄ እምቢ ብሎኛል› ብለን እንጨምርበት?» አለች መክሊት።

«እጄማ አለ። አንቺ ዘንድ ነው ያለ።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «ሐኪሙስ ምን ሊለኝ ነው? ይንቀጠቀጣል ሊለኝ? እሱን እኔም አውቃለሁ።»

«መድኃኒት አለው እኮ አሉ።»

«አርባ አንድ ሰው ‹አያሌው ዛሬም ፊደሉ ቀጥ ያለ ነው› ይላል፤ እኔ መድኃኒቴ እሱ ነው። ጻፊ ብየሻለሁ።»

ጻፈች። አያቷ ያሏትን አንዲት ቃል ሳታጎድል ጻፈች፤ ግን በራሷ እጅ ጻፈችው። የመክሊት ፊደሎች ክብና ሰነፍ ናቸው፤ ግማሾቹ መስመሩ ላይ ጋደም ይላሉ። ከሥሩም ጨመረችና ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦ «ይህን የጻፍኩት እኔ መክሊት ነኝ። ያለፉትን የሁለት ዓመት ካርዶችም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባባ አይችሉም። እማዬ አልዋሸችም።»

መምህር አያሌው ከመስኮቱ ዞሩ።

«አምጪው» አሉ።

አልሰጠቻቸውም።

መምህር አያሌው እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ካርዱን ሊይዙ ዘረጉ። ጣቶቻቸው ካርዱን ሁለት ጊዜ ሳቱት፤ በሦስተኛው የቀሩትን ካርዶች ገፍተው መሬት ላይ በተኗቸው። አርባዎቹም የካርድ ልጆች አበባቸውን እንደታቀፉ ወለሉ ላይ ሳቁ። መክሊት ጎንበስ ብላ ለቀመቻቸው። ቀና ስትል እጃቸውን በሌላው እጃቸው ጭምቅ አድርገው ይዘውታል።

«ስንት ዓመት ሰው ሳስተምር» አሉ፣ እሷን ሳያዩ። «እንዲህ ያለ ፊደል ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም።»

«አውቃለሁ አባባ።»

«ሌሎቹን አትጻፊልኝ።»

«እነሱን እንደ አንቱ እጅ አድርጌ…»

«አትጻፊ አልኩሽ! ላስቲኩን እሰሪበት። ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አይላክም።»

መክሊት አርባውን ካርዶች በላስቲክ አሰረች። አንዷን ፖስታ ውስጥ ከተተችና ነጠላዋን ለበሰች። በሩ ላይ ቆማ ትንሽ ጠበቀች፤ ቢጠሯት ልትመለስ። አልጠሯትም።

ፖስታ ቤት ከመስኮቱ ጀርባ የምትሠራው ሴትዮ ገና ስታያት ሣቋ መጣ። «የመምህር አያሌው ልጅ! ቴምብሩን አዘጋጅቻለሁ። አርባ አንድ ነው አይደል?»

«አንድ ነው።»

«አንድ? ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«አይ፣ ደህና አይደሉም» አለች መክሊት። ከትዕግሥት ሌላ ለሰው ስትናገረው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጥጣ «እግዜር ይማራቸው» አለች፤ ፖስታውን ተቀብላ አገላበጠችው። «የላኪ ስም የለውም የኔ ልጅ።»

መክሊት በሲባጎ የታሰረውን እስኪርቢቶ ሳብ አድርጋ «ላኪ፦ መክሊት ምትኩ» ብላ ጻፈች። ሴትዮዋ ከማኅተሙ በፊት ስሙን ጠጋ ብላ አየችው።

«አወይ! ጽሑፍሽ ያያትሽን አይመስልም።»

«አይመስልም» አለች መክሊት።

ማኅተሙ ቴምብሩ ላይ አረፈ።