ሲዲ ያልተቀመጠበት ማጫወቻ

የታሰረው ሰው ገዳይ አልነበረም፤ ያስያዘችው ደግሞ የገዛ እህቱ ናት።

ሟቹ አክመል ሰበታ ውስጥ ቴፕና ሲዲ ማጫወቻ ጠጋኝ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሚስቱ ራያ ሱቁ ውስጥ ሞቶ አገኘችው። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተከፈተ፣ ክብሪት እንጨት የተወሸቀበት ሲዲ ማጫወቻ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ተቀምጧል። ሲጠግን ኤሌክትሪክ ያዘው ተባለ። ኢንስፔክተር ወርቅቱ ግን ውስጡን አየች፤ ሽቦው በቢላ ተልጦ ከብረት ሽፋኑ ጋር ተነካክቷል።

ያኔ የሱቁ ሸሪክ ውብአየሁ፣ ዕቃ ገዝቶ የሚያመጣው እሱ፣ «ሰኞ ማታ ኢብሮ ከሱቁ ሲወጣ አይቻለሁ» አለ። ኢብሮ የራያ ወንድም ነው። ከዚሁ ሱቅ የወሰደው ማጫወቻ የልጁን የሚንሃን ዓይን ስለጎዳ አክመልን «አልለቅህም» ብሎት ነበር። ራያ የውብአየሁን ቃል አምና በወንድሟ ላይ የክስ ቃል ፈረመች።

ሐሙስ ዕለት ወርቅቱ ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበች። ሶኬቱ የተነቀለ ማጫወቻ አስቀመጠች።

«ተከፍቶ እንዲሠራ አዘጋጁልኝ። ተራ በተራ።»

ኢብሮ በካቴና በታሰረ እጁ ክዳኑን አነሣና ቆመ። «ከዚህ ወዲያ ምኑ ይነካል? እኔ የማውቀው ባጃጅ ነው።»

ውብአየሁ ሳቀ። «ኢንስፔክተር፣ ለፈተና አስቀመጡን እንዴ?» ክብሪት ሰበረና ክዳኑ ሲከፈት ሲዲ የሚያነበውን ጨረር፣ ሌዘሩን፣ የሚያጠፋችውን ትንሽ ማብሪያ በእንጨቱ ተጭኖ ያዛት።

ራያ መጀመሪያ ሲዲ አስቀመጠች። ከዚያ ክብሪቱን ሰካች።

«ሲዲው ለምን ቀደመ?»

«ሌዘሩን እንዲሸፍን ነዋ። ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፤ የአክመልን ግራ ዓይን ያበላሸው እሱ ነው። ሲዲ ሳላስቀምጥ ክብሪት ብነካ ይቆጣኝ ነበር።»

«ገላቶማ፣ አመሰግናለሁ» አለች ወርቅቱ። «አክመል የሞተበት ማጫወቻ ላይ ክብሪት አለ፣ ሲዲ የለም። ስለዚህ አክመል አልከፈተውም። እንደተዘጋ ነክቶት ሞተ፤ ሲጠግን የሞተ እንዲመስል ሌላ ሰው ከፈተው። ኢብሮ ክብሪቱን አያውቅም። ራያ ሲዲውን አትረሳም። ክብሪቱን አይቶ ሲዲውን ልብ ያላለ አንድ ሰው ነው።»

ውብአየሁ መሳቁን ተወ። «በክብሪት ሰው ይታሰራል?»

«መጋዘንህ ያሉትን ስድስት ማጫወቻዎች ከፈትኩ። ማብሪያቸው ሲበላሽ መቀየር ታክቶህ በሙጫ አጣብቀሃል፤ ክዳናቸው ሲነሣ ሌዘሩ አይጠፋም። ሚንሃ አጎንብሳ ያየችው እንዲህ ያለውን ነው። አክመል ሰኞ ለኢብሮ ‹የልጅህን ነገር ደርሼበታለሁ፣ ነገ ና› ብሎ ጽፎለታል። ስልኩ እጄ ላይ ነው። አንተን ሳያጋልጥህ ቀድመህ ገደልከው።»

«ውቤ» አለች ራያ፣ «ሚንሃን ሆስፒታል ይዘሃት የሄድከው አንተ ነህ እኮ።»

 አጃቢው ፖሊስ ካቴናውን ከኢብሮ ፈትቶ ለውብአየሁ አጠለቀለት።

«ኢብሮዬ...» ራያ ክንዱን ያዘችው።

ኢብሮ እጇን ቀስ ብሎ አነሣው። «እሱስ ባዕድ ነው። አንቺ ግን መጥተሽ ‹አድርገኸዋል ወይ?› ብለሽ አንዴ እንኳ አልጠየቅሽኝም።»

ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋው።